ነጎድጓድ የሚያውቀው እጅ

ደህና ዋልሽ የኔ ልጅ? ዛሬስ ሙቀቱ የጉድ ነው። ከቤት እስከዚህ ስንመጣ ምላሷ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። የውሻዋን ማለቴ ነው፤ የኔስ ምላስ ዱሮም አርፎ አያውቅም ይላሉ። ይበሉ። ግቢ ደርባባ፣ ግቢ እናቴ። አንቺ ደግሞ አትፍሪያት፣ አትናከስም። ዝም ብላ ነው የምታይሽ። ማየት መቼም መብቷ ነው።

ቀጠሮ የለኝም፤ ጥፍሯን ብቻ እንድትቆርጪልኝ ነው። ወረፋ ካለ ግን እጠብቃለሁ። እኚያ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ቀድመውኝ ከሆነ… እ? ዝም ብለው እየጠበቁ ነው? እንግዲያስ ይጠብቁ፣ ጋዜጣቸውን ያንብቡ። እንዲህ ከአናቱ እስከ ደረቱ ጋዜጣ ውስጥ ገብቶ የሚያነብ ሰው ካየሁ ቆየሁ። ዛሬ ማን ያነባል? ስገባ እንኳ ቀና አላሉም። እንዲያውም ስገባ ነው ጋዜጣው ከፍ ያለው። አንባቢ እንዲህ ነው።

አንቺ አዲስ ነሽ አይደል? የጠዋቷን ነው እኔ የማውቃት። የከሰዓቷ ነሽ። እሰይ፣ እጅሽ ቀላል ይመስላል። በይ ጠረጴዛው ላይ እናውጣት፤ ከፊት አንቺ፣ ከኋላ እኔ… ይኸው። የላስቲክ ምንጣፍ ማድረጋችሁ ደግ ነው፤ ዱሮ ያንሸራትታት ነበር።

አይ፣ ሻምፑውን መልሺው። አትታጠብም። ቆሻሻ ወድጄ አይደለም፤ ዝርያዋ ነው። የዚህች ዘር ሜዳ ላይ ከበጎች ጋር የሚያድር ነው፤ ጸጉሯ ሻካራ ካልሆነ ዝናቡ ቆዳዋ ድረስ ይገባል። አጥበሽ፣ በማድረቂያ ነፍተሽ፣ ሽቶ ረጭተሽ ብትሰጪኝ ታምራለች። ማማሩን ታምራለች። ግን ያኔ ውሻ ሳይሆን ትራስ ነው ይዤ የምሄደው።

ከኋላ አንዱን እያደረቃችሁ ነው መሰለኝ? ማድረቂያው ይሰማኛል። የአበባ ሽታም ሸቶኛል። ነጭ ነው? ትልቅ? ልክ እንደሷ? እህ… እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው። አይ፣ እኔ ምንም አላልኩም። ሰው ውሻውን ቢያሳጥብ ምን አገባኝ? የማን እንደሆነ የጠዋቷ ናት የምታውቀው? ተይው እንግዲህ፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይታወቃል።

ለምንድን ነው ግን የሚያለቃቅሰው? ስሚው እስቲ። በሩን እየቧጠጠ ነው። ቅድም ጸጥ ብሎ ነበር ነው የምትይኝ? እኚህ ሰውዬ ከገቡ ወዲህ ነው? … ሙቀቱ ይሆናል። ውሻ የሚያውቀው ሰው ሲሸተው እንዲህ ያደርጋል እንጂ፣ ያለዚያ… አይ፣ ሙቀቱ ነው።

ያቺን ትልቋን መቁረጫ ተያት፣ ትንሿ ትሻላለች። ጠቆር ያለው ጋ ስትደርሺ ቁሚ፤ ከዚያ ወዲያ ይደማል። ጎበዝ።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ጸጉሯ። ይህን እኔ ያወጣሁት ሕግ እንዳይመስልሽ፤ መስፈርቱ ነው። መስፈርት ማለት… እያንዳንዱ የውሻ ዝርያ ምን መምሰል እንዳለበት፣ ቁመቱ፣ ጥርሱ፣ አረማመዱ፣ ጠባዩ ሳይቀር እንዴት መሆን እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ አለ። በውድድር ቀን ዳኛው ውሻውን ከዚያ ጋር እያስተያየ ነው የሚፈርደው። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ለኔም ይመስለኝ ነበር፣ የኔ ሰው እስኪያስረዳኝ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የውሻ አርቢዎች ክለብ የዳኞች አለቃ ነበር። ዛሬ በየውድድሩ ሱፍ ለብሰው የምታያቸው ዳኞች ግማሾቹ የኛ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው የተማሩ ናቸው። መስፈርቱን በቃሉ ለሚወጣ ተማሪ ግድ አልነበረውም። "ለምን እንደሆነ ንገረኝ" ነበር የሚለው። አንገቷ ላይ ቆዳው ለምን ላላ አለ? ተኩላ ሲይዛት ቆዳው አፉ ውስጥ ቀርቶ ጉሮሮዋ እንዲተርፍ። ለምን ነጭ ሆነች? እረኛው በጨለማ ከተኩላው እንዲለያት። እንግዳ ሰው ስታይ ለምን አትቀርብም፣ አትሸሽም፣ ዝም ብላ ታያለች? ይኸው አሁን አንቺን እንደምታይሽ… እንግዳውን ሁሉ የሚልስ ጠባቂ የሚጠቅመው ለሌባ ነው እንጂ ለእረኛው ምኑ ነው?

"መስፈርቱን ያወጣው የእረኛው ችግር ነው፤ እኛ ብዕሩን ብቻ ነው የያዝነው" ይል ነበር። ደግሞ ሌላም አለው። ዳኛ ውሻን ከውሻ ጋር አያወዳድርም፤ ፊቱ የቆመውን ውሻ ጭንቅላቱ ውስጥ ካለው ውሻ ጋር ነው የሚያስተያየው ይላል። ጭንቅላቱ ውስጥ ውሻ ከሌለስ ስለው፣ "ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ሰው ይገባበታል" አለኝ። ማሰሪያውን የያዘው ሰው ማለቱ ነው። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር።

ከነዚያ ተማሪዎች መሃል አንድ ልጅ ነበር። ስሙን ተይው፣ ስም ምን ያደርጋል፤ እኔ ሰው በስሙ አላነሳም። ጎበዝ ልጅ ነበር። እጅግ ጎበዝ። መስፈርቱን እንደ ጸሎት ሲያነበንበው አንዲት ቃል አይስትም። የኔ ሰው "ለምን?" ሲለው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ያነበንብለታል። ትጉህ ማለት እንዲህ ነው።

አንድ ቀን የኔ ሰው ዓይናቸውን በጨርቅ አስሮ ውሾቹን በእጃቸው ብቻ እየዳሰሱ እንዲፈርዱ አደረጋቸው። ተንኮለኛ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ ከውሾቹ መሃል አንድ በግ አቆመ። ያ ጎበዝ ልጅ ተራው ደርሶ በጉን መዳሰስ ጀመረ። "ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሻካራ፣ ግሩም ነው። ጀርባው ቀጥ ያለ። አንገቱ ጠንካራ…" ቀንዱ ጋ እስኪደርስ ድረስ "እጅግ ጥሩ" ብሎት ነበር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። በጉም አልሳቀ፣ እውነቱን ለመናገር።

ቤታችን ነው ያደገው ማለት ይቻላል። ከማዕዳችን ያልቀረበበት ቀን ጥቂት ነው። ትልቁን ቁራጭ ለሱ ነበር የማወጣው፣ የኔ ሰው ሳያይብኝ። ልጅ አልነበረንምና… ይሁን።

ለዳኛ የመጀመሪያው ትምህርት ሰላምታ ነው። የማታውቂው ጠባቂ ውሻ ፊት ስትቆሚ እጅሽን ጨብጠሽ፣ ዝቅ አድርገሽ፣ የእጅሽን ጀርባ ታስሸትቺዋለሽ። እሺ እስኪልሽ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ነው አፉን ከፍተሽ ጥርሱን የምታዪው። ያ ልጅ አንድ ቀን ቸኩሎ፣ ሳያስሸትት፣ የደርባባን አያት አፍ ሊከፍት እጁን ላከ። አያቷ ደግሞ መስፈርቱን በቃሏ ባታውቀውም በጥርሷ ታውቀው ነበር። አውራ ጣቱ ሥር እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ። አጥቤ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ፣ ይመስገን፣ አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም። ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ እንኳ ሳያስሸትት አይነካም። ሰው ሁሉ ያውቅለታል። በዚህ ነገሩማ የተመሰገነ ነው።

እኚህ ሰውዬም እኮ አውራ ጣታቸው ላይ ጠባሳ አላቸው፤ ከጋዜጣው ወጥታ ትታየኛለች። ምስኪን። ሰው በስንት ነገር ይጎዳል፣ በቆርቆሮ፣ በቢላ… ኧረ አልጠይቃቸውም፣ ያንብቡበት። ገጹን ከገለጡም ቆይተዋል፤ ከባድ ነገር ይዘው ይሆናል።

ባለፈው ውድድር ታዲያ ያ ልጅ ዳኛ ሆኖ ቀረበልን። ብታዪው… ሱፉ፣ ጫማው፣ ጸጉሩ። እዚያ ከነበሩት ሁሉ በደንብ የተበጠረው እሱ ነበር። ውድድሩ የዳኞች ቢሆን ኖሮ ዋንጫውን ማንም አይቀማውም። እጁንም በየመሃሉ ይታጠባል፤ አንድ ሰው ውሃና ፎጣ ይዞ ይከተለዋል። እጅ መታጠቡን እወድለታለሁ። ፈርዶ እጁን የታጠበ እሱ የመጀመሪያው አይደለም መቼም።

የደርባባ ተራ ደረሰ። አዳራሹን ዞረች፣ ቆመች። መጣ። እጁን ጨብጦ፣ ዝቅ አድርጎ፣ አስሸተታት። ልክ እንደተማረው። የኔ ሰው ቢያየው ደስ ይለው ነበር አልኩ በሆዴ። እሷም አሸተተች፣ ቀና ብላ አየችው፣ ዝም አለች። አላጉረመረመችም፣ አልሸሸችም፣ ጭራዋንም አልቆላችም። አፏን ሲከፍትም እንቢ አላለችም። መስፈርቱ ራሱ እግር አውጥቶ ቢመጣ ከዚህ ሌላ ምን ያደርግ ነበር?

ምን ብሎ ጻፈላት መሰለሽ? "ለዳኛው ሞቅ ያለ አቀባበል አላሳየችም።" … ሰርግ ጠርታው ነበር እንዴ? ወይስ ደጅ ወጥታ "ኖር፣ ግባ" እንድትለው ነበር?

የሰጣትም ማዕረግ "ጥሩ" ነው። ቃሉ እንዴት ደስ ይላል አይደል? ሌላ ቦታ ቢሆን ምርቃት ነው። በኛ ክለብ ግን "እጅግ ጥሩ" ያልተባለች ሴት ውሻ አትወልድም፤ ብትወልድም ቡችሎቿ በዝርያቸው አይመዘገቡም። ዕድሜዋ ደግሞ ገፍቷል፤ ከዚህ ዓመት ካለፈ ክለቡ አይፈቅድላትም። እናቷ የለች፣ አያቷ የለች። የኔ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያጣራው የኖረው ዘር ይቺ ጠረጴዛሽ ላይ የቆመችው ብቻ ናት። "ጥሩ" ተብላ አበቃላት… ያቺን የኋላዋን ቀስ በይባት፣ አትወድም።

እሺ፣ ይህንስ ቻልኩት። ዳኛም ሰው ነው፣ ይሳሳታል።

ከዚያ አንድ ወንድ ገባ። ስሙ ነጎድጓድ ነው ተባለ። ስሙን ስሰማ ወንበሬን ወደኋላ ሳብ አደረግኩ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የታጠበ፣ የተነፋ፣ ልክ ከኋላ እንዳለው… አይ፣ ያላየሁትን ምን አውቃለሁ። ዳኛችን ወደ እሱ ሄደ። ሄደና… እጁን አላስሸተተም። አልጨበጠም፣ ዝቅ አላደረገም፣ አልጠበቀም። የገዛ ቁም ሳጥኑን እንደሚከፍት ሰው ሄዶ አፉን ከፈተው።

አለቀላት አውራ ጣቱ አልኩ። ነጎድጓድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተንጋለለ። አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ሆዴን እከኩልኝ ብሎ ተንጋለለ። እንዲህ ያለ ነጎድጓድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዳኛውም ምን ያድርግ፣ እጅ የለመደውን አይረሳም፣ ጎንበስ ብሎ አከከለት። ከጎድኑ በታች ያለችውን ቦታ ሳይፈልግ ነው ያገኛት። የኋላ እግሩ እንደ ስፌት መኪና ሲርገበገብ አዳራሹ በሙሉ አየ።

ሰው ሳቀ። ስለ ውሻ የማያውቀው ሰው ሳቀ ማለቴ ነው። የሚያውቁት እርስ በርስ ተያዩና ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እሱ ግን "ግሩም ጠባይ" ብሎ ጻፈለት፤ "እጅግ ጥሩ" ሰጠው፣ ዋንጫውንም ጨመረለት። መስፈርቱ "ከእንግዳ ሰው ራሱን ይቆጥባል" ይላል። እንግዲህ ወይ ዳኛው መስፈርቱን ረስቷል፣ ወይ… እሱ ደግሞ ረስቶ አያውቅም።

ሲያልቅ ሄጄ እጁን ጨበጥኩትና "እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት። "ያሸነፈው እኮ ውሻው ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?" አለኝ። "ለዚያ ነው እንኳን ደስ ያለህ ያልኩህ" አልኩት። ሳቀ። ጥርሱ ያምራል፣ ሲስቅ።

እኔ ክፉ አላሰብኩም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ? አነጋገሩማ ምን ይወጣለታል፤ አያያዙን ብቻ ነው ያየሁት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ ደግሞ። ለካ ብቅል ባይኖርም ጭራ ያወጣዋል። ቢሆንም ሰው መጠርጠር ኃጢአት ነው። ምናልባት ውሻ የሚወደው እጅ ተሰጥቶት ይሆናል፣ አለ አይደል እንዲህ ያለ ሰው? ያን ዕለት ታዲያ ስጦታው ለአንድ ውሻ ብቻ ሠራ። ስጦታም አንዳንዴ ይመርጣል።

የነጎድጓድ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው የዳኛው ሚስት ወንድም ነው። ይህ ምንም ነውር የለውም፤ የሚስት ወንድም ውሻ አያሳድግ የሚል ሕግ የለም። የክለቡ ደንብ የሚለው፣ ዳኛ በገዛ ጣራው ሥር ያደገን ውሻ አይዳኝ ነው። ነጎድጓድ ደግሞ ያደገው ወንድምየው ቤት ነው አሉ። ወንድምየው የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልብስ የሚያሰጣባት አንዲት ጠባብ በረንዳ አለችው። የመንጋ ጠባቂ በረንዳ ላይ… ጠንካራ ውሻ ቢሆን ነው። ካልሲዎቹን ሲጠብቅ አድጎ ይሆናል።

ዳኛችን ግን ሰፊ ግቢ አለው። አጥሩ ረጅም ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ወፍራም ድምፅ ይጮኽብኛል። አንድ ቀን ሚስቱን በር ላይ አገኘኋትና "ውሻ አስገባችሁ እንዴ?" አልኳት። "የጎረቤት ነው" አለችኝ። ጎረቤቱ የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ያለው ድመት ነው። እንግዲህ ድመቱን ጉንፋን ይዞት ይሆናል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚባለው እውነት ነው። ዳኛ በበላበት ምን እንደሚያደርግ ግን ተረቱ ሳይነግረን ቀረ። ያ ልጅ ስንት ዘመን እኛ ቤት በላ፤ አንድ ቀን ሲጮኽልን አልሰማሁም። ነጎድጓድ እንኳ ያበላውን እጅ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አልካደም። ከሁለቱ ዝርያውን የጠበቀው የትኛው ነው? አንቺ ፍረጂ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም።

ኧረ ይሄ ከኋላ ያለው በሩን ሊሰብረው ነው። ጋዜጣውም ተንቀጠቀጠ ልበል? ንፋስ ገብቶ ነው? መስኮቱ ግን ዝግ ነው።

ቅዳሜ ኮሚቴው ይሰበሰባል። አቤቱታ አስገብቻለሁ። ማንንም አልከሰስኩም፤ ውሻዬን ሌላ ዳኛ ይያት ነው ያልኩት። ሴትዮዋ ምን አገባት፣ ውሻ ምን አገባት ከእርሻ ያሉኝ አሉ፤ ይበሉኝ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ኮሚቴው የሚጠይቀው ራሱን ዳኛውን ነው። "ሌላ ይያት" ካለ ትታያለች። "በደንብ አይቻታለሁ" ካለ አለቀ፣ ደርባባም አለቀች። በዚያው ቀን፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ አዲስ የዳኞች አለቃ ይመርጣሉ። የኔ ሰው ወንበር እስካሁን ባዶዋን ናት። ማን ታጨ መሰለሽ? … አንቺ ደግሞ በምን ታውቂያለሽ።

ይገባዋልም እኮ። ከሱ ሌላ ማን አለ? ሱፍ አለው፣ መስፈርቱ በቃሉ አለ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እሱ ግን በሚያውቁት አገር ነው የሚያስነጥፈው፣ ድፍረቱን አደንቅለታለሁ። ወንበሯ ትንሽ ከፍ ትላለች እንጂ። እግሩ መሬት ላይደርስ ይችላል። ከእግሩ ሥር ትራስ ቢያደርግ ይደርስለታል፤ ታጥቦ የተነፋ ትራስ ደግሞ አያጣም።

ስለ ነጎድጓድ ለኮሚቴው አልተነፈስኩም። ለምን ብዬ? የቤቴን ልጅ? የኔ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ "ልጁን አደራ፣ ይቸኩላል እንጂ ክፉ አይደለም፣ አትጨክኚበት" ብሎኛል። አልጨከንኩም። እዚህም የማወራው ላንቺ ብቻ ነው፤ ላንቺና ለግድግዳው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል። ጋዜጣ ግን ጆሮ ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

እውነቱን ልንገርሽ? ያቃጠለኝ ዋንጫው አይደለም። ዋንጫ ቤቴ ሞልቷል፤ አበባ ተክዬበታለሁ። እጁን አስሸትቷት ቀና ብላ ስታየው… አወቃት። ዓይኗ የአያቷ ዓይን ነው፤ አይቶ አወቃት። እኔ ከዳር ሆኜ ሲያውቃት አየሁት፤ አውራ ጣቱን እንኳ በሌላው እጁ ያዝ አደረጋት። አውቋት ነው "ጥሩ" ብሎ የጻፈው። እዚህ ላይ አዘንኩ። በጣም አዘንኩ፣ አልደብቅሽም። ቤት ገብቼ እራት አልበላሁም፤ እሷም ምግቧን ሳትነካው አደረች። ሁለት ቃል እኮ ነች፣ "ሌላ ይያት" ማለት። ለዚያ መስፈርት ማጥናት አያስፈልግም። ቅዳሜ ይላት ይሆናል… በጉን እንደዳሰሰ ዕለት፣ ቀንዱ ጋ ካልደረሰ የማይነቃ ከሆነ ግን፣ ምን አደርገዋለሁ?

ጨረስሽ? እጅሽ ይባረክ። ምንም አላመማት። ማድረቂያውም ቆመ። በይ ያን ምስኪን አውጪው፣ ታፍኖ ሊሞት ነው። ደርባባን እኔ ይዣታለሁ፣ አትነካውም። ክፈቺለት ግዴለም። ባለቤቱ ባይመጣም እዚህ ከኛ ጋር ይጠብቃል። ክፈቺው…

እህ። ነጎድጓድ አይደል እንዴ ይሄ? ነው እኮ። ቀስ በል አንተ፣ ወለሉ እርጥብ ነው… እዪው ሲሮጥ። አንቺን አልፎ፣ እኔን አልፎ፣ ደርባባን ዞር ብሎ ሳያይ… ወዴት ነው? ኧረ ሰውየውን። ጋዜጣቸውን ቀደደባቸው እኮ። ይቅርታ ጌታዬ፣ ውሻ አይደል፣ ከሰው ጋር አምታትቶዎት ይሆናል… ጭናቸው ላይ ወጣ። ፊታቸውን ላሳቸው። ይህ ዝርያ እንግዳ ሰው አይልስም እኮ፣ መስፈርቱ…

ውይ… አንተ ነህ እንዴ ልጄ? ጋዜጣው ጋርዶህ ሳላይህ ቀረሁ እኮ። ምነው ፊትህ እንዲህ ቀላ፣ ሙቀቱ ነው? ሱፍህንም ጸጉር አለበሰልህ። አትነሳ፣ አትነሳ፤ እሱም እንድትነሳ አልፈቀደልህም። እጅህን ሳታስሸትተው… ለነገሩ አሁን ምን ያደርግለታል።

ነይ ደርባባ፣ እንሂድ። ሰላም በይው። አየህ፣ ዝም ብላ ነው የምታይህ። ጎሽ እናቴ።

በል ልጄ፣ ቅዳሜ እንገናኛለን። ፈጣሪ ወንበሩን ያድልህ፣ ክፉ አይንካህ። በሄድክበት ሁሉ እንዲህ ሮጦ የሚያቅፍህ፣ እንዲህ አጥብቆ የሚያውቅህ አያሳጣህ። ኮሚቴው ፊት ስትቆምም እንደ ነጎድጓድ ያለ፣ የበላበትን ቤት የማይክድ፣ ውሸት ያልተማረ ምስክር ከጎንህ ያቁምልህ። አሜን በል እንጂ።